መጋዝ ሲይዝ የሚነቃ እጅ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የደመወዝ ክፍሏ ጸሐፊና እህቱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኛ የግቢው ነዋሪዎች ጋሽ ድርር ነበር የምንለው። ያወጡለት ልጆች ናቸው። የሞተር መጋዙን ገመድ ስቦ ሲያስነሳ የሚሰማውን ድምፅ በከንፈራቸው እያንደረደሩ ከኋላው ይከተሉታል፤ እሱ ደግሞ ከመቆጣት ይልቅ ያርማቸዋል። "የናንተ መጋዝ ቤንዚን በዝቶበታል። መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ነው ድርር የሚለው።" ልጆቹ ያስነጥሳሉ፣ ከዚያ ድርር ይላሉ።

ግቢው ሰፊ ነው፤ ዙሪያውን የመኖሪያ ሕንጻዎች፣ በመካከላቸው ከሕንጻዎቹ በዕድሜ የሚበልጡ ጽዶችና ባሕር ዛፎች። ዛፎቹን የተከላቸው ሰው መስኮትና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ስለዚህ ዓመት በመጣ ቁጥር ቅርንጫፍ መስታወት ይቧጥጣል፣ ቅጠል የጣሪያውን አሸንዳ ይደፍናል፣ የደረቀ እንጨት የሰው መኪና ላይ ይወርዳል። ያንን ሁሉ ከቤታችን የሚያርቅልን ጋሽ ድርር ነበር። የሚኖረው ከኔ ቤት ሥር፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋር በተያያዙ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። መስኮታቸው ከመስኮቴ ሥር ስለሆነ የእሱና የእህቱ ንግግር ወደ እኔ ይወጣ ነበር። ለመስማት ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ግን መስኮቴንም አልዘጋሁም።

አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ይላታል፤ እኛም ከእሱ ተቀብለን እትዬ አልናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። በስፌት መኪናዋ መካከለኛ ወንድማቸውን አስተምራ የሒሳብ ሹም አድርጋዋለች። ትንሹን ግን ማስተማር አልሆነላትም። "ትምህርት ቤት ስልከው ዛፍ ላይ አገኘዋለሁ" ትል ነበር። "መሥሪያ ቤቱ ደመወዝ የጀመረለት ዘግይቶ ነው እንጂ፣ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል።" ጸጉሩ ሸብቶ እንኳ ማሙሽ ነበር የምትለው።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ሆስፒታል ከርማ ስትወጣ ንግግሯ ተመልሶ ነበር፤ ግራ እጇና ግራ እግሯ ግን አልተመለሱም። መርፌ ቢወጉት አይሰማትም። እሷ ግን በዚህም ቀለደች። "ግራዬ ጡረታ ወጥቷል፤ ቀኜ ገና ሥራ ላይ ነው።"

በዚያን ጊዜ በሆስፒታሉ ኮሪደር ወንድማማቾቹ ተከራከሩ። የሒሳብ ሹሙ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ከቤቱ አጠገብ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አለና እዚያ ትግባ ባይ ነበር። ጋሽ ድርር ሁለት እጆቹን ከፊቱ ዘረጋ።

"ይሄ እጅ እያለ እትዬን ሌላ ሰው ያጥባታል፣ ጋሼ?"

ወንድሙ እጆቹን አያቸው። ሰፋፊ፣ የሻከሩ፣ ምንም ነገር የማያመልጣቸው እጆች ነበሩ። "እሺ" አለ። "እጅህ እስካለ ድረስ።"

እጁም ነበረ፣ ለብዙ ዓመታት። ያጎርሳታል፣ የልብሷን ቁልፍ ይቆልፍላታል፣ ጥፍሯን ይቆርጣል፣ ጸጉሯን እየተሰደበም ቢሆን ይጎነጉንላታል። "እባክህ ይሄ ራስ ነው፤ ገመድ አይደለም" ትለዋለች። "ገመድ ቢሆን ዝም ይለኝ ነበር" ይላታል። ከመስኮቴ በታች ያ ቤት የሁለት አዛውንት ቤት አይመስልም ነበር። የሚጣሉና የሚታረቁ ሁለት ልጆች ያሉበት ይመስል ነበር።

ሥራውን በዚያ ዘመን ሲሠራ ያየሁት ሁሉ አይረሳኝም። መሰላሉን ግንዱ ላይ ያስደግፋል፣ በወገቡ የታጠቀውን ቆልማማ የእጅ መጋዝ ይመዝዛል። ያ መጋዝ የሚቆርጠው ሲሳብ እንጂ ሲገፋ አይደለም፤ ስለዚህ ድምፁ ሰው በጥርሱ መካከል ትንፋሽ ሲስብ ይመስላል። መጀመሪያ ቅርንጫፉን ከታች በኩል ጥቂት ይነክሰዋል፣ ከዚያ ከላይ ይጀምራል። እንዲህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቆዳ ገፎ ይዞ ይሄዳል። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበትን እብጠት አይነካም። "እሱ የዛፉ ከንፈር ነው፤ ቁስሉን የሚዘጋበት" ይል ነበር። የሞተር መጋዙን የሚያወጣው ከጭን ለሚወፍር ነገር ብቻ ነው።

ያ የሞተር መጋዝ አሮጌ ነበር። በእጀታውና በሞተሩ መካከል ንዝረቱን እንዲውጡ የተቀመጡት ጎማዎች ከደረቁ ቆይተዋል። ለብዙ ዓመታት ሲነዝረው ኖሮ፣ አንድ የብርድ ወቅት ጠዋት የጋሽ ድርር ጣቶች ነጡ። ሙሉ በሙሉ እንደ ሻማ። ለጥቂት ጊዜ ቆይተው ሰማያዊ ሆኑ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ጉንዳን እንደወረረው እግር ጠዘጠዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርድ በመጣ ቁጥር ይነጡ ጀመር፤ በኋላ ደግሞ ያለ ብርድም ድንዝዝ ይሉበት ጀመር።

አንድ ነገር ግን ደረሰበት። መጋዙን አስነስቶ ሲይዘው እጁ ይነቃል። ንዝረቱ ከመዳፉ ተነስቶ እስከ ክርኑ ሲወጣ፣ የሞተሩም ሙቀት ሲጨመርበት፣ የሞተው ጣት ሁሉ አለሁ የሚል ይመስለዋል። መጋዙን ሲያጠፋው ያው ይደነዝዛል። ከዚህ ተነስቶ የደረሰበት መደምደሚያ ለእሱ የማይነቃነቅ ነበር፦ እጁን የበላው ብርዱ ነው፣ የሚያድነው ደግሞ መጋዙ። መጋዙ ትንሽ ጎድቶት እንደሆነም እሾህ በእሾህ ይወጣል።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ የሚቆረጥ ነገር ሳይኖር፣ መስኮታችን ሥር ቆሞ መጋዙን ይዞ ያንደረድር ጀመር። አንዳንድ ነዋሪ ተቆጣ። እትዬ ከአልጋዋ ሆና ትጮህበታለች።

"ማሙሽ! ዛፉ የታለ?"

"ምን አልሽ?"

"ዛፉ የታለ? አየር ነው የምትቆርጠው?"

"እጄን እያሞቅኩ ነው፣ እትዬ።"

"ሌላው ሰው እጁን የሚያሞቀው እሳት ላይ ነው። አንተ መንደሩን ካልቀሰቀስክ አይሞቅህም።"

እጁ መጥፎ እንደሆነ አልነገራትም። "ብርዱ ነው" ይላታል፤ እሷም ብርድ ነው ብላ ተቀበለች። ከልጅነቱ ጀምሮ ብርድ የማይችል ልጅ ነው።

ከዚያ አሮጌው መጋዝ ጨርሶ እምቢ አለ። የግቢው አስተዳዳሪ ቀና ሴት ናት። "የሚሠሩበት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይምረጡ" ብላ ይዛው ወደ ሱቅ ሄደች። በሱቁ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች።

ባለሱቁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። "ግንድ ነው የምትጥለው ወይስ ቅርንጫፍ ነው የምትመለምለው?" ብሎ ጠየቀ።

"አብዛኛው ቅርንጫፍ ነው።"

"እንግዲያው ይቺን።" ትንሽ መጋዝ አወረደ። "ቀላል ናት፣ መሰላል ላይ አትከብድህም። ንዝረቷን የሚውጥ ሞላና ጎማ አላት። ለከፍታው ደግሞ ይሄን ባለ ረጅም ዘንግ የእጅ መጋዝ ውሰድ፤ መሬት ቆመህ ትስባለህ። በእነዚህ ሁለቱ ግቢህን ታስተዳድራለህ።"

ጋሽ ድርር ትንሿን አስነሳት። ሞተሯ ይጮሃል፣ ሰንሰለቷ ይሽከረከራል። እሱ ግን እጆቹን እያየ ቆመ።

"ይቺ ሞታለች" አለ።

"እየሠራች እኮ ነው።"

"ለጆሮ ነው የምትሠራው። እጄ ላይ የለችም።"

ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን አስወረደ። ጫካ የሚያወርዱ ሰዎች የሚይዙት፣ ምላጩ የክንድ ያህል የሆነ መጋዝ። ሲያስነሳው የሱቁ መደርደሪያ ተንቀጠቀጠ፤ የጋሽ ድርርም ፊት በራ። አስተዳዳሪዋ እንዲህ ነው ያለችው፦ "የጠፋበትን ልጅ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።"

"ጋሼ፣ ይሄ ለግቢ አይሆንም" አለ ባለሱቁ። "ክብደቱ ትከሻህን ይጨርሰዋል። ጫፉ ሌላ እንጨት ከነካ ወደ ኋላ ነጥሮ ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው።"

"አይነጥርብኝም። ሲመጣ እጄ ይሰማዋል።"

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። አስተዳዳሪዋ ስለ መጋዝ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ እርስዎ ይምረጡ ብላለች፣ መረጠ።

ከዚያ ወዲያ የእጅ መጋዙ ግምጃ ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ለአውራ ጣት የማይበልጥ ቀንበጥ እንኳ ትልቁ መጋዝ ይነሳበታል። ከአበባ አጥር ጋር ሲታገል ያየው ሰው ዝንብን በመዶሻ ይላል። ከታች የመንከስ፣ ከንፈሩን ያለመንካት ነገር ቀረ፤ መጋዙ እንደዚያ ላለ ትዕግሥት አይመችም። እሱ ግን ደስተኛ ነበር። ሥራ ላይ እያለ እጅ አለው።

ሥራው ሲያልቅ ነው የሚጠፋው። የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ያመልጥ ጀመር። የበሩን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሲፈልግ አውጥቶ ካላየው ከምስማር አይለየውም። የመጋዙን ጥርስ በሞረድ ሲስል ድሮ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይፈትነው ነበር፤ አሁን ሰንሰለቱን ወደ አፉ አስጠግቶ በታችኛው ከንፈሩ ይፈትነዋል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ሲያደርግ አገኘሁት።

"ጋሽ ድርር፣ ልትበላው ነው?"

"ጨው አንሶታል" አለኝ። ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ከንፈሩ ላይ ቀጭን የደም መስመር ነበረች።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ለማንም አልተናገረም፤ ይህን የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ከራሱ አፍ ነው። ሐኪሙ ወጣት ሰው ነበር። ዓይኑን አስጨፍኖ ጣቶቹን አንዴ በሹል፣ አንዴ በደነዝ ነገር እየነካ "አሁንስ?" ይለዋል። ጋሽ ድርር በግምት ይመልሳል። ዓይኑን ሲገልጥ ሐኪሙ እየነካው አልነበረም፤ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

"ይሄ የመጋዙ ሥራ ነው" አለው። "ደም ሥሩንም ነርቩንም ጎድቶታል። ከዛሬ ጀምሮ የሚንቀጠቀጥ ማሽን እንዳይዙ።"

"ዶክተር፣ ስይዘው ነው እኮ የሚሻለኝ።"

"እየተሻለዎት አይደለም። የቀረው ነርቭ ሲመታ ይጮሃል፤ እርስዎ ጩኸቱን ሕይወት አደረጉት።"

"ብተወው ይመለሳል?"

ሐኪሙ አልዋሸውም። "ባለበት ቢቆም ትልቅ ነገር ነው" አለው። ሲወጣ ደግሞ ከበሩ መልሶ፣ "ትኩስ ነገር ላይ ይጠንቀቁ። እጅዎን አይመኑት" አለው።

ጋሽ ድርር ይህን ምክር ሰምቶታል። የሰማው ግን ለራሱ ነው። ትኩስ ድስት እንዳይዝ፣ ምድጃ እንዳይነካ ተጠነቀቀ። እጁ ለሌላ ሰውም እንደሚመሰክር አላሰበም።

መጋዙንም አልተወም። ለአስተዳዳሪዋ ቢነግራት ከሥራው ታነሳዋለች፤ ከሥራው ቢነሳ ሁለቱ ክፍሎች ይሄዳሉ። ለእትዬ ቢነግራት ወንድሙ ይሰማል። እጅህ እስካለ ድረስ ተብሏል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ጓንት ገዛ።

እትዬን የሚያጥባት ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ውሃውን በትልቁ ድስት ያፈላል፣ በጎድጓዳው ሳህን ቀዝቃዛ ይቀላቅልበታል፣ እጁን ከትቶ ይፈትናል። ሁልጊዜ የሚጀምረው በግራ እግሯ ነው። ይህ የቤታቸው ሥርዓት ነው፤ እሷ ናት ያወጣችው። "በጡረተኛዋ ጀምር። ሠራተኛዋን ካስቀደምክ ትኮራብናለች።" በቀኝ እግሯ ቢጀምር ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ብርድ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ከምሥራቁ ሕንጻ ጀርባ ያለውን ጽድ ሲቆርጥ ውሎ ነው የገባው። መስኮታቸው ለእንፋሎቱ ገርበብ ብሎ ነበርና እንደ ወትሮው ድምፃቸው ይመጣል።

"ለብ ብሏል?"

"ለብ ብሏል።"

"ባለፈው እንደ ዓሣ ነው ያቀዘቀዝከኝ።"

"ግራሽ ቀዝቅዞት ነው? ከመቼ ወዲህ?"

"ቀኜን ነው የምልህ። ግራዬ ጨዋ ናት፣ ወሬ አታመላልስም።"

ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ከዚያ ስለ ጎረቤት ሰርግ አንድ ነገር አወሩ፤ እትዬ ሙሽራው ከቁመቱ ይልቅ ኮቱ ይረዝማል አለች።  ከዚያ የእሱ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ ደስታ ያፈነው ድምፅ።

"እትዬ። እግርሽን አየሽው?"

"ምን ሆነ?"

"ቀላ። ደም መጣባት። እስኪ እይው፣ እንደ ሕፃን እግር ቀልቷል።"

"አንተ ልጅ፣ አታስጎምጀኝ።"

"በእናታችን። እይው እንጂ።"

 አንገቷን አቅንታ ስታይ ይታየኛል። ከዚያ ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። "ጡረተኛዋ ልትመለስ ነው እንዴ? ጨምርበት እስኪ። ሙቀቱን ወዳው ነው።"

ጨመረበት። ድስቱ ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ወንድምና እህት አንድ እግር ላይ ጎንበስ ብለው የሚቀላውን ቆዳ እያዩ ተስፋ ያደረጉበት ያ ጊዜ ስንት እንደቆየ አላውቅም። ለእነሱ አጭር እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ።

"እንዲህ ከሆነ ሠራተኛዋም ትምጣና ትይላት" አለች እትዬ፤ ቀኝ እግሯን አንስቶ ወደ ሳህኑ አስጠጋው።

አልጮኸችም። "ማሙሽ" አለች ብቻ። ከዚያ ሳህኑ ተገለበጠ። እኔ እየሮጥኩ ወርጄ ስደርስ እሱ በእርጥቡ ወለል ላይ ተቀምጦ የራሱን እጅ ያያል። እስከ አንጓው ድረስ እንደ እግሯ ቀልቶ ነበር። እትዬ ከወንበሩ ላይ ሆና በአንድ እጇ ጸጉሩን ትደባብሳለች። ግራ እግሯ ላይ ቆዳው ውሃ እየቋጠረ ነበር።

"አላመመኝም እኮ" ትለዋለች። "ስማኝ፣ አላመመኝም።"

ያ ነበር ነገሩ። እሷን አላመማት፣ እሱንም አላቃጠለው፤ በሁለት ጤናማ ሰዎች መካከል ሊሆን የማይችለው ነገር በእነሱ መካከል እየተሳሳቁ ሆነ።

እግሯ ቶሎ አልዳነም። ደም በደንብ የማይዞርበት እግር ነውና ቁስሉ እየሰፋ ሄደ፤ ሐኪሞቹ ሁለት የእግር ጣቶቿን ቆረጡ። የሒሳብ ሹሙ መጣ። ሊቆጣ ይመጣል ብሎ ሁሉም ሰው ጠብቆ ነበር፤ እሱ ግን ደክሞት ነበር፣ እሱም አርጅቷል። በዚያች ክፍል ውስጥ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እኔ ሾርባ ይዤ ገብቼ ነበርና ልወጣ ስል እትዬ "ተቀመጪ፤ የሚሰማ ሰው ሲኖር ሁለቱም ጨዋ ይሆናሉ" አለችኝ።

"ማንንም ልወቅስ አልመጣሁም" አለ የሒሳብ ሹሙ። "ይህን ያህል ዘመን ብቻህን ነው የቻልከው። ግን አሁን ይበቃል።"

 የጋሽ ድርር እጆች በፋሻ ተጠቅልለው ጉልበቱ ላይ ተቀምጠዋል።

"እኔንስ ማን ጠየቀኝ?" አለች እትዬ። "ሻንጣ ነኝ?"

"እሺ እትዬ፣ ምን ትያለሽ?"

ወደ ትንሹ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረውን አሁንም አየዋለሁ። ተናገር እያለችው ነበር። እኔው አጥባታለሁ እንዲል፣ ጋሼ አያገባህም እንዲል፤ እንደ ልጅነቱ እልህ እንዲይዘው። እሱ አንድ ቃል ቢል ኖሮ እሷ በቀረችው ግማሽ አካሏ በሩን ይዛ ትቆም ነበር።

"እትዬ" አለ። "ነገም ውሃው ለብ ያለ ነው የሚመስለኝ።"

 ሾርባው እየቀዘቀዘ ነበር።

"እንግዲያው ጠቅልሉኝ" አለች።

የምትሄድበት ቀን ደረሰ። መኪናው ውስጥ ትራስ አመቻቹላት። ጋሽ ድርር ሻንጣዋን ተሸክሞ መጣ፤ ያንን ማድረግ ይችላል፣ ክብደት ለጣት ሳይሆን ለትከሻ ነው። ልጆቹ ተሰብስበው ያያሉ፤ አንዱም ድርር አላለም። እትዬ መስታወቱን ዝቅ አስደርጋ፣ "ጓንትህን አድርግ" አለችው። መኪናው ከበሩ ሲወጣ ገና ለማድረግ እየታገለ ነበር።

ለአስተዳዳሪዋ የሐኪሙን ቃል የነገራት ከዚያ በኋላ ነው። አላባረረችውም፤ የግቢው በር ጠባቂ አደረገችው፣ ክፍሎቹንም ተወችለት። የዛፉን ሥራ አሁን በየጊዜው የሚመጡ ሰዎች ይሠሩታል። ትንንሽ መጋዝና ባለ ዘንግ የእጅ መጋዝ ይዘው ይመጣሉ፤ ሥራቸው ንጹሕ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንደኛቸው ግምጃ ቤቱ ውስጥ ትልቁን መጋዝ አይቶ፣ "ጋሼ፣ ይሄን መድፍ ማን ነው እዚህ ያመጣው?" አለው።

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"እጅ ላይ ይሰማል" አለና ወደ በሩ ተመለሰ። ልጆቹ አሁንም ጋሽ ድርር ይሉታል። አዲስ የተወለዱት ለምን እንደሚባል አያውቁም።

መጦሪያው ሄዶ ያያት ብርዱ ሲያልፍ ነው። ሲመለስ በር ላይ አብሬው ቆሜ ነገረኝ። ቤቱ ንጹሕ ነው አለ፤ ኮሪደሩ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፣ ቴሌቪዥኑ ማንም በማይደርስበት ከፍታ ተሰቅሏል። እትዬ መስኮት አጠገብ ናት። ደህና ነሽ ሲላት፣ "ከዚህ በላይ ደህና ከሆንኩማ እሞታለሁ" አለችው።

ተቀምጦ ሳለ የምትንከባከባት ሴት ለማጠብ መጣች። ውሃውን በሳህን አደረገች፣ ከኪሷ አንድ የዓሣ ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ አውጥታ አንሳፈፈችበት፣ ጥቂት ጠበቀች፣ አየችው፣ ቀዝቃዛ ጨመረች። ከዚያ ነው እግሯን ያነሳችው።

"ምንድነው እሱ?" ብሎ ጠየቃት።

"የሙቀት መለኪያ ነው፣ አባቴ። ለሕፃናት ማጠቢያ ብለው ነው የሚሸጡት። በየፋርማሲው አለ።"

ስጪኝ ብሎ ያዘው። መያዙን ያወቀው በዓይኑ ነው። እትዬ ከወንበሯ ሆና ታየው ነበር።

"ማሙሽ፣ ተወው።"

"እኔ ምን አልኩ?"

"ምንም አላልክም። ተወው።"

አልተወውም። ከተማው ውስጥ አንዱን ገዝቶ ነው የተመለሰው። አሁን ጠዋት ጠዋት ለራሱ መታጠቢያ ያሞቀው ውሃ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ቁጥሩን አንብቦ፣ ከበዛ ቀዝቃዛ ጨምሮ፣ እንደገና አንብቦ ነው እጁን የሚከተው። መስኮቴ ክፍት ሲሆን ሳህኑ ሲቀመጥ ይሰማኛል፤ ውሃው ሲደፋም ይሰማኛል። በመካከሉ ንግግር የለም።